ስለ ጅብራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከመንዝ ጓሳ

«ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ?» እኛ አገር ሥራ ፈትቶ ለቆመ ልጅ የሚወረወር ቃል ነው። በልጅነቴ እኔም ላይ ብዙ ጊዜ ተወርውሯል። ዛሬ እዚያው ጅብራ ሥር ተገትሬ ለእንግዳ ማስረዳት እንጀራዬ ሆኗል፤ እናቴ ነገሩን ባሰበችው ቁጥር ትስቃለች። በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ወዳለው ከፍተኛ የሣር ምድር፣ ወደ ጓሳ የሚወጣው እንግዳ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከባሕር ማዶ፣ የሚጠይቀው ብዙም አይለያይም። ስለዚህ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል፦ ጅብራን ቀን ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ነው ያየው። የዚህ ተክል ጠባይ የሚገባው የጓሳን ሌሊት ለቀመሰ ነው።

ጅብራ ዛፍ ነው እንዴ?

አይደለም፣ አበባ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ዘንባባ ይመስላል፤ ቀጥ ያለ ግንድ፣ አናቱ ላይ ዙሪያውን የተበተነ ሰይፍ መሳይ ቅጠል። ግንዱ ግን እንደ ባሕር ዛፍ ወይም እንደ ጥድ ለማገርና ለወራጅ የሚሆን እንጨት የለውም። ውስጡ ስፖንጅ መሳይ ለስላሳ ነገር ነው፣ ሲደርቅ ደግሞ ባዶ ይቀራል። የደረቀውን በጣት ቢያንኳኩት እንደ ቅል ይጮኻል። ከብት ስንጠብቅ ከበሮ አድርገን እንመታው ነበር።

በዕፅዋት ሳይንስ የሚመደበው ከደወል አበባ ቤተሰብ፣ ሎቤሊያ ከሚባለው ወገን ነው። ከወገኖቹ ብዙዎቹ ከጉልበት የማያልፉ ቀጫጭን አበቦች ናቸው። የእኛው ግን የአበባ ዘንጉን ሲያቆም ከ6 ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

ሳይንሳዊ ስሙ ማን ነው? ሌላ አገርስ አለ?

ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም ይባላል። «ሎቤሊያ» ከ1538 እስከ 1616 እ.ኤ.አ. ለኖረው ለፍላንደርሱ ሐኪምና የዕፅዋት ሊቅ ለማትያስ ዴ ሎቤል መታሰቢያ የወጣ ነው። «ሪንኮፔታለም» ከግሪክኛ ሲመነዘር ባለ ምንቃር የአበባ ቅጠል እንደማለት ነው። አበባውን አንድ ጊዜ ጎንበስ አድርጎ ያየ ሰው ስሙ እንደገጠመ ይስማማል።

የሚበቅለው በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ብቻ ነው፤ ሰሜን ተራሮች ላይ አለ፣ ባሌ ሰነቴ ላይ አለ፣ እኛም ዘንድ አለ። ጅብራ ተብሎ የሚጠራ ሌላም ተክል አለ፣ ዝቅ ብሎ ደን ዳር የሚገኘው። እሱን ሳይንሱ ሎቤሊያ ጂቤሮዋ ይለዋል (ጆሮ ያለው «ጅብራ»ን ይሰማበታል)። ያኛው ከኢትዮጵያ አልፎ በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ተራራ ደኖችም ይበቅላል። የጓሳው ብርድ ላይ የሚቆመው ግን ይኸኛው ነው።

ቱንድራ ምንድን ነው? ጓሳስ ቱንድራ ነው?

ቱንድራ ዛፍ የማይችለው ብርዳም ምድር ነው። አንዱ ዓይነት የሰሜን ዋልታ ዙሪያ ያለው ሲሆን ሌላው ከፍታ የሚፈጥረው የተራራ ቱንድራ ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን ከቆላ፣ ከወይና ደጋና ከደጋ በላይ ያለውን አገር አባቶች ስም ሰጥተውት አልቀዋል፦ ውርጭ። በተለምዶ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው ነው። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ሙሉ በሙሉ ውርጭ ውስጥ ነው።

ሁለቱ ቱንድራዎች ግን በጠባይ አይገናኙም። ዋልታው ዘንድ ብርዱ የወቅት ነው፤ ክረምታቸው ለወራት ፀሐይ የማይታይበት ጨለማ፣ በጋቸው ፀሐይ የማትጠልቅበት ብርሃን ነው። መሬቱም ከላይ ጥቂት ቢቀልጥ እንጂ ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። እኛ ዘንድ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን በሙሉ እኩል ለእኩል ይቀራረባል፣ ብርዱም የሌሊት ነው።

ኦሎቭ ሄድበርግ የሚባል ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ የምሥራቅ አፍሪካን ከፍተኛ ተራሮች «ቀን ቀን በጋ፣ ሌሊት ሌሊት ክረምት» በሚል አነጋገር ገልጿቸዋል። አባባሉ ዓለም ላይ ዝነኛ ነው፤ አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን ይንሻፈፋል። የእሱ ክረምት በረዶና ብርድ ነው፣ የእኛ ክረምት ዝናብ፣ ጉምና ጭቃ ነው፤ እንዲያውም በክረምት ደመናው ሌሊቱን እንደ ባና ስለሚሸፍነው ውርጩ ይለዝባል። መንዝ ለተወለደ ሰው «ቀን ቀን መጋቢት፣ ሌሊት ሌሊት ታኅሣሥ» ቢባል ይገባዋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ በሚረግፍበት በታኅሣሥ ሌሊት ነው ጓሳ ጥርስ የሚያፋጨው።

ባለፈው ታኅሣሥ ድንኳን ውስጥ ያደረ አንድ እንግዳዬ ራስጌው ያስቀመጠው የውኃ ጠርሙስ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ አገኘው። ያመጣው ጃኬት ውድ ነበር፤ ሌሊቱን ያሳደረው ግን ከእኔ የተዋሰው የመንዝ ባና ነው። ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት አብረን ስንወጣ መሬቱ ከእግራችን ሥር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ጎንበስ ብለን አየን፦ እርጥቡ አፈር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከውስጡ መርፌ የመሰለ በረዶ ያወጣል፣ መርፌው አፈሩን ተሸክሞ ይነሳል። 3 ሰዓት ሲሆን ቀልጦ ጭቃ ብቻ ነበር፣ እንግዳዬም በሸሚዝ ብቻ ቀርቷል።

የዋልታ አበቦች ድንክ ሲሆኑ የእኛው ለምን ረዘመ?

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይኼ ነው፤ ሲጠይቁኝ ቁጭ በሉ እላለሁ።

የሰሜን ዋልታ አበባ መሬት ላይ ተለጥፎ ነው የሚኖረው። ሲሊን አኮሊስ የምትባለውን ብንወስድ፣ ሮዝ አበባዋን ደርድራ እንደ ትራስ ድብልብል ብላ ትቀመጣለች። ለዋልታው ብልህነት ነው። ክረምት ሲመጣ በረዶው ከላይ ይሸፍናታል፤ በረዶ ብርድ ቢሆንም ከላዩ ካለው ነፋስና ቅዝቃዜ ይከልላል። በጋ ሲመጣ ደግሞ ሞቃቱ ቦታ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የምታሞቀው የመሬቱ ገጽ ነው። እዚያ ቀና ያለ ይቀጣል።

ጓሳ ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሽፋን የሚሆን በረዶ ከርሞ አይቀመጥልንም። ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ወደ ላይ ይለቃል፤ ከሁሉ በፊት የሚቀዘቅዘው የመሬቱ ገጽ ነው። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ታች ተንሸራቶ መሬት ላይ ይተኛል። ገበሬያችን ይህን ከሳይንቲስት ቀድሞ ያውቀዋል፦ ረባዳው ላይ የተዘራው ባቄላ በውርጭ ተለብልቦ ሲያድር ተዳፋቱ ላይ ያለው ይተርፋል። እንግዲህ እዚህ አገር ሕይወቱ በአንድ እምቡጥ ላይ የተንጠለጠለ ተክል እምቡጡን ከዚያ ከተኛ ብርድ በላይ ቢያነሳው ይሻለዋል። ጅብራ ያደረገው ይህንኑ ነው። ተገትሮ የቆመው ሥራ ፈትቶ አይደለም።

እኛ ብቻ ነን ብለን እንዳንኮራ፦ በኬንያ ተራራና በኪሊማንጃሮ ላይ የአደይ አበባና የኑግ ቤተሰብ የሆኑ ግዙፍ ተክሎች ይህንኑ ቅርጽ ይዘው ቆመዋል፤ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ላይም እንዲሁ። ዝምድና ሳይኖራቸው አንድ ዓይነት ሌሊት አንድ ዓይነት ቅርጽ አስያዛቸው።

ታዲያ ገና ያልረዘመው ግልገል እንዴት ይተርፋል?

ብዙው አይተርፍም። የነገርኳችሁ የበረዶ መርፌ አፈሩን ሲያነሳ ሥሩ ያልያዘ ቡቃያ አብሮ ይነቀላል፤ ፀሐይ ስትወጣ ሥሩ አየር ላይ ቀርቶ ይደርቃል። በእኔ ዓይን ደህና ሆነው የማያቸው ግልገሎች አብዛኞቹ በጓሳ ሣር እቅፍ መካከል የበቀሉት ናቸው።

ሥር የያዘው ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። መካከሉን ቢያዩት ለጋዎቹ ቅጠሎች እንደ ጥቅል ጎመን እርስ በርስ ተደራርበው እምቡጡን ውጠውታል። ውጪ ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ተዘርግተው ሲተኙ የውስጦቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ይህም ትርጉም አለው፤ ሌሊት በውርጭ የደነዘዘ ቅጠል ላይ የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ቢያርፍበት ብርሃኑን መጠቀም አይችልምና ይጎዳዋል። የቆመ ቅጠል ጨረሩን በሰያፍ ስለሚቀበል እስኪፍታታ ጊዜ ያገኛል። የኬንያ ተራራ ዘመዱማ ከዚህም ያልፋል፦ ቅጠሎቹ መካከል ውኃ ያቁራል፣ ሌሊት የውኃው ገጽ በረዶ ይሆናል፣ እምቡጡ ከበረዶው በታች ሳይቀዘቅዝ ያድራል።

ሲያብብ ይሞታል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በዕድሜው የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለዓመታት ቅጠል እያበቀለ ስንቁን ግንዱ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ቀኑ ሲደርስ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ከአናቱ መካከል ትልቅ የአበባ ዘንግ ያቆማል፣ ዘር ይሰጣል፣ ይደርቃል። እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ለአጥር የምንተክለው ቃጫም እንዲሁ ነው፣ የደቡቡ እንሰትም እንዲሁ ነው። «ዕድሜውን በግንዱ ቀለበት መቁጠር አይቻልም?» የሚል ይኖራል። አይቻልም፤ ውስጡ እንጨት እንዳልሆነ ከላይ ብያለሁ።

ሁሉም በአንድ ቀን ተማክረው አያብቡም። አንድ ተዳፋት ላይ ቡቃያውን፣ ጎልማሳውን፣ አበባ የተሸከመውንና የደረቀውን በአንድ ፎቶ ማስገባት ይቻላል። የደረቀውን ማንም እንዳይነቅለው እለምናለሁ። የሞተ ቢመስልም ሥራው አላለቀም፤ ጤፍ የምታክለው ዘር ያለችው እዚያ ደረቅ ዘንግ ላይ ነው፣ የሚዘራትም ነፋሱ ነው። ዘንጉ በቆመ ቁጥር ዘሯ ራቅ ትላለች።

አበባው የታለ? እኔ የማየው አረንጓዴ ምሰሶ ነው።

ቀረብ ይበሉ። ዘንጉ ላይ የተደረደሩትን ቅጠል መሳዮች በጣት ገለጥ ሲያደርጉ ወይን ጠጅ የመሰለ ቆልማማ አበባ ከሥራቸው ተደብቆ ያገኛሉ። ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚፈነዳው፤ ስለዚህ ታችኛው ዘር ሲቋጥር ላይኛው ገና እምቡጥ ሊሆን ይችላል።

አንዱን አበባ ብቻ ለይተው ይዩት። የወንዴ ክፍሎቹ ተጣብቀው ቱቦ ሠርተዋል፣ ብናኙ ቱቦው ውስጥ ነው። የሴቴዋ ዘንግ ገና ሳትከፈት በዚያ ቱቦ ውስጥ እንደ መርፌ መድኃኒት መግፊያ እያደገች ብናኙን ወደ ውጭ ትገፋዋለች። ብናኙ ተገፍቶ ካለቀ በኋላ ነው እሷ ጫፏን ከፍታ ከሌላ አበባ የመጣውን የምትቀበለው። አንድ አበባ መጀመሪያ ወንድ፣ ቀጥሎ ሴት ይሆናል ማለት ነው። የራሱን ብናኝ ራሱ እንዳይቀበል ያግዘዋል።

አመላላሿ ማን ናት ካሉ፣ ነፍሳትም አሉበት፤ የሚያምረው ግን ቀጭን ቆልማማ ምንቃር ያላት፣ የአበባ ማር የምትጠጣው ወፍ ስትመጣ ነው። ከእነዚህ አንዷ በዓለም መጽሐፍ ላይ ስሟ ከተከዜ ወንዝ የተወሰደ ነው። ወንዱ ጥላ ላይ ሲያርፍ ጥቁር ይመስላል፣ ፀሐይ ሲነካው ሐምራዊና አረንጓዴ ያንጸባርቃል። አናቷን አበባው ውስጥ ስትሰድ ብናኙ ግንባሯ ላይ ይቀባል፣ ቀጣዩ ጅብራ ላይ ታራግፈዋለች።

እውነተኛ የሰሜን ዋልታ አበባ ኢትዮጵያ ውስጥ አለ?

አለ፤ ብዙ ሰው አያምነኝም እንጂ። አራቢስ አልፒና የምትባል ነጭ አበባ ከጎመን ቤተሰብ ናት፤ አራቱ የአበባ ቅጠሎቿ መስቀል ይሠራሉ፣ እንደ ሰናፍጭና እንደ ጎመን ዘር። በኖርዌይ፣ በግሪንላንድና በስቫልባርድ ደሴቶች ትበቅላለች፣ በአልፕስ ተራሮች ትበቅላለች፣ ከዚያ ደግሞ በመካከል ያለውን በረሃ ሁሉ ዘላ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ትገኛለች። ተመራማሪዎች ዘረ መሏን አመሳክረው መነሻዋ ትንሿ እስያ እንደሆነች ደርሰውበታል፤ ከዚያ ነው አንዱ ወገን ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ እኛ የወረደው።

ሳይንቲስቶች የሚወዷት በሌላ ምክንያት ነው። አብባ አትሞትም፤ ብርድ ሲያልፍባት ታብባለች፣ አረፍ ትላለች፣ ደግሞ ታብባለች። በ2009 እ.ኤ.አ. ይህን የሚቆጣጠር አንድ ዘረ መል ለይተው አሳትመዋል። ጅብራና እሷን ጎን ለጎን ማሰብ ደስ ይለኛል፦ አንዷ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ትሰጣለች፣ አንዱ ሙሉ ዕድሜውን ቆጥቦ በአንድ ጊዜ ይበትናል፤ ሁለቱም ብርዱን ችለው አሉ።

መድኃኒት ነው?

የሎቤሊያ ወገን ሎቤሊን የሚባለውን ጨምሮ ኃይለኛ ንጥረ ነገሮች አሉት። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። እባካችሁ አትቅመሱት። በሻይ መልክ ጉንፋን የሚያባርር ነገር ከፈለጋችሁ ጓሳ ላይ ጦስኝ ሞልቷል።

ጓሳ እንዲህ ሳይታረስ እንዴት ቆየ?

ባለቤት ስለነበረው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ልጆች፣ ማለትም የሁለቱ አቅኚ አባቶች ወገኖች፣ በቄሮ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር (በቅርብ ዓመታት በፖለቲካ ዜና ከሚሰማው ቃል ጋር አያምታቱት)። በአባ ቄራው መሪነት አገሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣር ማጨድ፣ እንጨት መልቀም፣ ከብት ማሰማራት ክልክል ይሆናል። የጓሳ ሣር ሲበስል ወይም ድርቅ ሲመጣ ይከፈታል። ያ ሣር የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው። ጅብራን ብሎ የጠበቀው ማንም የለም፤ ለሣሩ ሲባል የተዘጋው መሬት እሱንም፣ ቀይ ቀበሮውንም፣ ጭላዳውንም አቆየ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስቱ ቀረ፣ ሥርዓቱም ተናጋ። ዛሬ ያለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ በዚያ መሠረት ላይ ተመልሶ የቆመ ነው።

የአየር ንብረቱ ቢሞቅስ ምን ይሆናል?

ተክሉ ብርዱን ተከትሎ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ ችግሩ ተራራ እየወጡት ይጠባል፣ ከጫፉ በኋላም መሄጃ የለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጅብራ የታተመ አንድ ጥናት በ2080 እ.ኤ.አ. ገደማ አሁን ካለው ምቹ ስፍራው 3.4 በመቶ ብቻ ሊቀር እንደሚችል ተንብዮአል። ትንበያ ነው፤ ግን ቁጥሩን ካነበብኩ በኋላ የጓሳን አናት የማየው በሌላ ዓይን ነው። ሰሜን ተራሮች ከ4,500 ሜትር በላይ ይወጣሉ። የእኛ ዞን ከፍተኛው ቦታ ጌሼ ወረዳ ያለው አቡየ ሜዳ ሲሆን 4,012 ሜትር ነው፣ ጓሳ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከታች በኩል የገብስ ማሳ እየወጣ ነው። ጅብራው በሁለቱ መካከል ነው ያለው።

ዘሩን ወስጄ ግቢዬ ብተክለውስ?

ይተዉት። ደብረ ብርሃን እንኳ ብርዳም ብትባልም 2,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ለእሱ ሙቀት ነው። ከጓሳ ነቅሎ መውሰድ ደግሞ ክልክል ነው።

ለማየት መቼ ልምጣ?

ከጥቅምት እስከ የካቲት መንገዱም ሰማዩም ደህና ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርገው ጣርማ በር ሲደርሱ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን ይያዙ። በክረምት ጉሙ አፍንጫ ሥር ያለውን ጅብራ ይሰውረዋል፤ እኔ ግን ያኔም እወደዋለሁ፣ ጉሙ ውስጥ ሰው የቆመ ይመስላል። አንድ ሌሊት ይደሩ። ማንቂያውን ለ12 ሰዓት ተኩል ይሙሉ፣ መሬቱን ሳይቀልጥ ይርገጡት። ባና ከመሐል ሜዳ ገበያ መግዛት ይቻላል፤ የእኔን አልሰጥም፣ ያ እንግዳ ይዞት ሄዷል።